እምነትና ዝግመተ ለውጥ፦ ልጆቻችን ሁለት እውነት ይኑራቸውን?



በአንድ ቁምስና የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «በትምህርት ቤት ሕያዋን ፍጥረታት ሁሉ በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ እየተለወጡ እንደ መጡ ያስተምሩናል። እዚህ ደግሞ ሁሉን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ትሉናላችሁ። ለፈተናው የትኛውን ልጻፍ?» ከመካከላችን አንዱ ፈጠን ብሎ፣ «ለፈተናው መምህርሽ ያስተማሩሽን ጻፊ፤ በልብሽ ግን እምነትሽን ያዢ» ሲል መለሰላት። ልጆቹ ሳቁ። እኛም ጥያቄው የተፈታ መስሎን ወደ ዕለቱ ትምህርት አለፍን።

ቆይተን ስናስበው ግን መልሱ አሳፈረን። ያቺን ወጣት በእጇ የምትጽፈውን በልቧ እንድትክድ፣ በልቧ የያዘችውንም በእጇ እንድትሰውር መክረናታልና። ይህ እምነትን መጠበቅ አይደለም፤ ሁለት ልብ መሆንን ማስተማር ነው። በፈተና ወረቀት ላይ የማያምንበትን መጻፍ የለመደ ልጅ፣ ነገ በመሥሪያ ቤት፣ በትዳርና በፍርድ አደባባይ የማያምንበትን ከመናገር ይቆጠባል ብለን እንዴት ተስፋ እናደርጋለን? ስለዚህ እዚህ የምናነሣው ጥያቄ ስለ ድንጋይና ስለ አጥንት ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ስለ ታማኝነትም ጭምር ነው።

ነገሩ ለሀገራችን ልጆች ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በዚያው በአፋር፣ በሄርቶ የተገኘው የሰው ራስ ቅል ደግሞ 160 ሺህ ዓመት ያህል ያስቆጠረ ነው። ድንቅነሽን ለማየት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የሚሄዱ ተማሪዎች የእኛው ልጆች ናቸው። «ይህ ሁሉ ተረት ነው» ብለን ብንነግራቸው የሚጠራጠሩት ሙዚየሙን ሳይሆን እኛን ነው።

«ወይ ፍጥረት፣ ወይ ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ጠብ በሌላ አገር ለረጅም ጊዜ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ሰው ከበታች እንስሳት መጣ የሚለውን ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማርን የሚከለክለውን ሕግ ተላልፈሃል ተብሎ በዴይተን ከተማ ተከሰሰ፤ 100 ዶላርም ተቀጣ። ቅጣቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት ተሻረ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1987 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዝግመተ ለውጥ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ «የፍጥረት ሳይንስ» የተባለው አብሮ እንዲሰጥ ያዘዘውን የሉዊዚያና ግዛት ሕግ ውድቅ አደረገ። በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ወጣቶች ከእግዚአብሔርና ከመማሪያ መጽሐፋቸው አንዱን መምረጥ ያለባቸው መሰላቸው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ይህን ምርጫ በማንም ላይ አይጭንም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ኦሪት ዘፍጥረትን በተረጎመበት ሰፊ ድርሰቱ፣ እግዚአብሔር ሁሉን በአንድነት ሲፈጥር አንዳንዱን ፍጥረት እንደ ዘር በስውር እንዳኖረውና በጊዜው እንደሚገለጥ አስቦ ነበር። ይህ የዳርዊን ትምህርት ነው ማለታችን አይደለም፤ ዳርዊን መጽሐፉን ያወጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ሆኖም ቅዱሱ ስድስቱን ቀናት በሰዓት አልሰፈራቸውም። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር ሳያውቅ በድፍረት ቢናገር፣ የሚያውቁት ሰዎች ቅዱሳት መጻሕፍትንም አብረው እንደሚንቁ አስጠንቅቋል።

በእኛ ዘመን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 «ሁማኒ ጄኔሪስ» በተባለው መልእክታቸው፣ የሰው ሥጋ ከቀደመ ሕያው ነገር መምጣት አለመምጣቱን ሊቃውንት እንዲመረምሩ ፈቀዱ፤ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አጸኑ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት፣ በልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፎች የተገኙ ውጤቶች ስለ ተስማሙ ዝግመተ ለውጥ ከመላ ምት በላይ መሆኑን ገለጹ። መንፈስን የቁስ አካል ውጤት ብቻ የሚያደርግ አስተሳሰብ ግን ከሰው እውነት ጋር እንደማይስማማ በዚያው መልእክት አስረዱ።

ሁለቱ እንዴት አብረው ይቆማሉ? ከቤታችን ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ስትፀንስ ሐኪሙ ፅንሱ በየወሩ እንዴት እንደሚያድግ ያስረዳታል። ልጁ ሲወለድ እርሷ «እግዚአብሔር ልጅ ሰጠኝ» ትላለች፤ ስሙንም «ሀብተ ማርያም» ወይም «ስጦታው» ብላ ታወጣለች። ሐኪሙ ዋሸ የሚል የለም፤ እናቲቱንም አላዋቂ የሚላት የለም። ሐኪሙ እንዴት እንደ ሆነ ነገራት፤ እርሷ ከማን እንደ ተቀበለች ተናገረች። አንዱ ልጅ በዘጠኝ ወር ቀስ በቀስ ሲሠራ ፈጣሪ ካልራቀ፣ ፍጥረት በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቢሠራስ ስለ ምን ይርቃል? ፍጥረትን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣው፣ በመኖርም የሚያጸናው አምላክ የጊዜ እጥረት የለበትም።

ይህ ማለት ድንበር የለም ማለት አይደለም። የባዮሎጂ መምህር ስለ አጥንትና ስለ ዘር ውርስ ያስተምር፤ «እንግዲህ አምላክ የለም» ሲል ግን ከትምህርቱ ወሰን ወጥቷል። ያን በአጉሊ መነጽር አላየውምና። የሰውን ክብርም ከሥነ ሕይወት ሕግ ብቻ ለማውጣት መሞከር ምን እንደሚያስከትል ታሪክ አሳይቶናል። በ20ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካም በጀርመንም «የተሻለ ዘር» እናፈራለን በሚል ሰበብ ደካሞችና ሕሙማን እንዳይወልዱ በሕግ እንዲመክኑ ተደርጓል። ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1930 «ካስቲ ኮኑቢ» በተባለው መልእክታቸው ይህን አውግዘዋል። አባቶቻችን ነፍስን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል። ልብ የምትል፣ የምትናገርና የማትሞት ናት። በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠራችን በራስ ቅል ስፋት አይለካም፤ ስለዚህም ከማንም ደካማ ሰው ላይ ሊወሰድ አይችልም።

በተከታዩ ሳምንት ወደዚያች ተማሪ ተመልሰን፣ ባለፈው የሰጠናት መልስ ስሕተት እንደ ነበረ በጓደኞቿ ፊት ነገርናት። «የተማርሽውን ጻፊ፤ በልብሽም አትካጂው። ይህንም ሁሉ የፈጠረውን አምላክ አመስግኚ» አልናት። እርሷ ግን በዚህ አልተመለሰችም። «ታዲያ አዳም ማን ነው? ኃጢአትስ እንዴት ወደ ሁላችን ደረሰ?» ስትል ጠየቀች።

እዚህ ላይ ልንሰውረው የማይገባ ነገር አለ። የሰው ዘር ሁሉ በኃጢአት እንደ ቆሰለና በክርስቶስ እንደ ዳነ እናምናለን፤ ፒዮስ 12ኛም የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ብዙ ነበሩ የሚለው አሳብ ከዚህ እምነት ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ግልጽ እንዳልሆነ አሳስበዋል። የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጥያቄውን እስከ ዛሬ ይመረምራሉ። «በእምነት የያዝነው ይህ ነው፤ ሊቃውንቱ ገና የሚመረምሩት ደግሞ ይህ ነው» ብለን ለይተን ነገርናት። በዚህ ጊዜ ከልጆቹ የሳቀ አልነበረም።

ወላጆች፣ መምህራንና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ሆይ፣ ልጆቻችን የማናውቀውን አናውቅም ስንል ቢሰሙን፣ እናምናለን የምንለውንም ያምኑናል። የእውነት ሁሉ ምንጭ የሆነ እግዚአብሔር አንድ ልብ ይስጠን። አሜን።