የታደሰ መኪናና የቆጣሪው ምስክርነት

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ከሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች አንዷ ሙሉ በሙሉ ታደሰች እንበል። ሞተሯ ወርዶ ተፈታ፤ ፒስተኑና ቫልቩ ተለወጠ፤ ካምቢዮው ተከፈተ፤ ዝገት የበላው ወለል ተቆርጦ በምትኩ አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ ቀለሙም እስከ ብረቱ ድረስ ተፍቆ እንደገና ተቀባ። ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል አዛውንቱ መካኒክ የፍጥነት መለኪያውን ከቦታው አውጥተው መስተዋቱን ይወለውሉ ጀመር። በትንሿ መስኮት ውስጥ 68,412 የሚል አኃዝ ይነበባል። ባለቤቱም፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ እንደ አዲስ ተወልዳለች፤ እንግዲህ ይህንንም ወደ ዜሮ ይመልሱልኝ» አለ። መካኒኩ መወልወላቸውን ትተው ዝም አሉ።

ጥያቄው ለአንድ ጋራዥ ብቻ የሚቀር ይመስላል። ይሁን እንጂ በውስጡ ሁለት ታላላቅ ጥያቄዎችን አዝሏል። የታደሰ ነገር ዕድሜው ስንት ነው? ያን ዕድሜ የሚናገረው አኃዝስ የማን ንብረት ነው?

የባለቤቱ ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። 68,412 ኪሎ ሜትር የተጓዙት ፒስተኖች ዛሬ ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ወድቀዋል፤ አኃዙ ባለበት ቢቀር በሌሉ ዕቃዎች ላይ መመስከሩ ነው። ከዚህም በላይ የነዚያ ዘመናት ቮልስዋገን ቆጣሪ ባለ አምስት አኃዝ በመሆኑ 99,999 ሲሞላ በራሱ ጊዜ ወደ አምስት ዜሮዎች ይመለሳል። ስለዚህ 68,412 የሚለው ንባብ በእውነቱ 168,412 ወይም 268,412 ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ራሱ የሚረሳ ከሆነ ሰው ቢያስረሳው ምን ኃጢአት አለው? ያሰኛል።

ነገር ግን የመሣሪያውን አሠራር ጠጋ ብሎ የመረመረ ሌላ እውነት ያገኛል። የቮልስዋገን ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ እንቅስቃሴውን የሚቀበለው ከግራው የፊት ጎማ በሚነሣ ቀጭን ተሽከርካሪ ሽቦ አማካይነት ነው። ሞተሩ መኪናዋ በቆመችበት ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ቆጣሪው አንዲት ሜትር አይጨምርም። እንግዲህ ቆጣሪው ከመጀመሪያውም ስለ ሞተሩ ድካም መስክሮ አያውቅም፤ የሚመሰክረው ስለ መንገዱ ነው። ስለ ሞተሩ ያልመሰከረን ምስክር፣ ሞተሩ ታደሰ ተብሎ ቃሉን እንዲለውጥ ማስገደድ አይቻልም። የተሄደው መንገድ ተሄዷል፤ አዲስ ፒስተን ያልተሄደ አያደርገውም።

የጥንት ግሪኮች ሳንቃዎቿ አንድ በአንድ ስለ ተለወጡት ስለ ቴሴዎስ መርከብ ሲከራከሩ፣ ከፊሎቹ ያችው ናት፣ ከፊሎቹ አይደለችም ማለታቸውን ፕሉታርክ ጽፏል። የቮልስዋገኗ ባለቤት ግን ሳያስበው ለክርክሩ መልስ ሰጥቷል። የሻንሲ ቁጥሯን አልለወጠም፤ ሊብሬዋም ያው ነው፤ ለሚጠይቀውም ሁሉ «የአባቴ መኪና ናት» ይላል። ለፍቅርና ለክብር ሲሆን ያችው ናት፤ ለቁጥር ሲሆን ግን ሌላ ናት ማለት ሁለቱን ጥቅሞች በአንድ እጅ መጨበጥ ነው።

በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ይህ ችግር መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። የአውሮፕላን ሞተር ተፈትቶ ሲታደስ ሁለት ቆጠራዎች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አንዱ ሞተሩ ከተሠራ ጀምሮ የሠራው ሰዓት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከታደሰ ወዲህ የሠራው ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ከዜሮ የሚጀምር አዲስ መዝገብ መክፈት የሚቻለው ሞተሩን ራሱ አምራቹ ወይም አምራቹ የፈቀደለት ድርጅት እንደ አዲስ ሲገነባው ብቻ ነው፤ ይህም በፊርማ ይረጋገጣል። ዜሮ እዚያ በምኞት የሚገኝ አኃዝ ሳይሆን ኃላፊነት የሚወሰድበት ቃል ነው።

ኃላፊነቱ ለማን ነው? ባለቤቱና መካኒኩ የመኪናዋን ታሪክ ስለሚያውቁ አኃዙ እነርሱን አያታልልም። የሚያታልለው ነገ የሚመጣውን ሦስተኛ ሰው ነው። መኪናዋ ብትሸጥ፣ ዜሮን ያየ ገዢ ወለሏን ገልብጦ አይመረምርም፤ አዲሱ ላሜራ ከተበየደበት አጠገብ የቀረውን አሮጌ ብረት አይጠረጥርም። ቤተሰቡን አሳፍሮ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ የሚተማመነው በዚያ አኃዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የቆጣሪን ንባብ ማዛባትን የከለከለው፣ ቆጣሪው ተበላሽቶ ሲጠገን የቀድሞውን ንባብ መያዝ ካልቻለም ወደ ዜሮ ተመልሶ የቀድሞው ንባብና ጥገናው የተደረገበት ቀን በግራው በር ፍሬም ላይ በጽሑፍ እንዲለጠፍ ያዘዘው ይህንኑ ሦስተኛ ሰው በማሰብ ነው። ሕጉ ዜሮን አልከለከለም፤ ዜሮ ብቻውን እንዳይቆም ከለከለ እንጂ።

የኪነ ጥበብ ሰዎችም ይህን ሕግ በሌላ መልኩ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የጸደቀው የቅርሶች ጥገና ቻርተር፣ በጎደለው ፈንታ የሚተካው ክፍል ከጠቅላላው ጋር እየተስማማ ከጥንቱ ግን ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። በሀገራችን የብራና መጻሕፍትም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈባቸው ጥቂት አይደሉም። የተፋቀው ቦታ ግን ለሚመረምር ዓይን ይታያል፤ ስሙን ያጠፋው እጅ የራሱን ሥራ ምልክት ትቶ ሄዷል።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው የሠራተኛው ድካም ነው። የመካኒኩ ክብር ያለው መኪናዋ በነበረችበትና ዛሬ በደረሰችበት መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ዜሮ ግን ይህን ርቀት ይሰርዘዋል፤ መኪናዋን ትናንት ከፋብሪካ የወጣች አስመስሎ፣ የበየደውን፣ የፋቀውንና የገጠመውን እጅ ይሰውራል። ያለፈውን በመፋቅ ሥራዬን አስከበርሁ የሚል ሰው በገዛ ሥራው ላይ የመጀመሪያውን ስድብ ይሰነዝራል። ተሐድሶ ታላቅነቱ የሚለካው ከምን እንደተነሣ ሲታወቅ ነውና።

አዛውንቱ መካኒክ በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ እኔ ያደስሁት መኪናዋን ነው፤ መንገዱን አላደስሁትም» አሉ። ከዚያም ቆጣሪውን እንዳለ ወደ ቦታው መለሱና በወረቀት ላይ ቀኑን፣ 68,412 የሚለውን ንባብ፣ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ዕቃ በዝርዝር ጽፈው፣ ፈርመውም ለባለቤቱ ሰጡት። ባለቤቱ ወረቀቱን አንብቦ ከሊብሬው ጋር አኖረው። መኪናዋም ለሙከራ ወጣች፤ ጋራዡን ጥቂት አለፍ እንዳለችም የመጨረሻው አኃዝ ቀስ ብሎ ዞሮ ሦስት ሆነ።