ቀዩ መብራት ለምን ረዘመብን?



ባለፈው ዓመት ጥቂት ወጣቶች ከዲላ ተነሥተን በሚኒባስ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። የደረስነው ከመሸ በኋላ ነው። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት አስቆመን። ከፊታችን አንድም መኪና አልነበረም። ቁጥር እየጠራን ጠበቅን፤ ሰባ ስንደርስ ግን ትዕግሥታችን አለቀና «ማንም የለም፣ እለፍ እንጂ!» እያልን ሾፌሩን ወተወትነው። እርሱም አለፈ። በዚያች ቅጽበት ወደ ዜብራው የገቡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው በድንጋጤ ወደ ኋላ ሲመለሱ አየን። አደጋ አልደረሰም። ነገር ግን እስከ ማረፊያችን ድረስ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም፤ ይኸውም፦ በአንዱ ሥፍራ ጥቂት፣ በሌላው ብዙ የሚያስቆመን መብራት ያዳላልን?

የትራፊክ መብራት በ1868 እ.ኤ.አ. በለንደን መጀመሪያ ሲተከል በጋዝ የሚበራ ፋኖስ ነበር፤ የሚቀያይረውም ፖሊስ ነበር። ዛሬ ጊዜው የሚወሰነው በስሌት ነው። የአንዱ ቀይ የሌላው አረንጓዴ ስለሆነ፣ ብዙ መኪና ለሚመጣበት መንገድ ብዙ ሴኮንድ ሲሰጥ ከጎን የሚመጣው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል። መንገዶቹ በበዙ ቁጥር ተራው ይርቃል። ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። በአንዳንድ ሥፍራ ደግሞ ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረ ሽቦ የመኪናውን መምጣት እያወቀ ጊዜውን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል።

«ታዲያ ለሁሉም ለምን አያሳጥሩትም?» እንል ይሆናል። መብራቱ በተለወጠ ቁጥር የቆመው እስኪነሣ፣ የገባውም እስኪወጣ ድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይባክናሉ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቢለዋወጥ የሚያልፈው መኪና ያንሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እግረኛም አለ። በብዙ አገር መሐንዲሶች እግረኛ በሴኮንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል ብለው ያሰላሉ። 18 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ እንግዲህ 15 ሴኮንድ ይፈልጋል፤ ከዘራ ለያዘ ሰው ግን ይህም አይበቃም። እኛ የጠላናት እያንዳንዷ ሴኮንድ ለእኒያ አባት አንድ እርምጃ ነበረች።

ይህን የጌዴኦ ልጅ ሊስተው አይገባም። ቡናችን በአንድ ቀን አይቀላም። በቆላው ቀድሞ ሲደርስ በደጋው ይዘገያል፤ በአንዱ ዛፍ ላይ እንኳ የቀላው ተለቅሞ አረንጓዴው ይቆያል። ይህን አድልዎ የሚል ገበሬ የለም። ለሁሉ እኩል ጊዜ መስጠትና ለሁሉ የሚገባውን መስጠት አንድ አይደሉም።

«መንገዱ ባዶ ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ስሌት ሁሉን አያይም። በአዲስ አበባ ሰልፉ ሲበዛ የትራፊክ ፖሊስ ገብቶ በእጁ ሲያስተናግድ እናያለን፤ ያን ጊዜ የሚከበረው የእርሱ ምልክት ነው። እኛ ግን ለራሳችን ፖሊስ ልንሆን አንችልም፤ የቸኮለ ሰው ዳኛ ሲሆን ለራሱ ይፈርዳልና። በዚያች ሌሊት «ማንም የለም» ስንል እውነቱ «እኛ ያየነው የለም» ማለት ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዲላን አቋርጦ ያልፋል። በገበያ ቀን ቡና የጫነው፣ ቆጮ የተሸከመችው እናት፣ ተማሪውም ያቋርጡታል። መብራት በሌለበት ሥፍራ ሴኮንዱን የሚቆጥርላቸው የሾፌሩና የባጃጅ ነጂው ኅሊና ብቻ ነው። ከመካከላችን የሚነዱ አሉ፤ የማንነዳውም ከኋላ ተቀምጠን «እለፍ» የምንል ነን። ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ አልነበረም። እንግዲህ ወደ ፊት «ቆይ፣ ይሻገሩ» የምንል እንሁን።