የሕፃን ንግግር ከማን ነው?

በወልድያ ወይም በመርሳ ገበያ አንድ ሕፃን ክፉ ቃል የተናገረ እንደ ሆነ፥ የሰማው ሁሉ «አሳዳጊ የበደለው» ይላል፤ ነቀፋውም በእናቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ፍርድ ማንም ያላሰበው ፍጥረት፥ የሌሊት ወፍ፥ በቅርብ ዘመን ምስክር ሆኖ ቀርቧል።

የሌሊት ወፍ በኦሪት ዘሌዋውያን ከርኩሳን አዕዋፍ ጋራ ተቈጥሯል፤ የዛሬ ሊቃውንት ግን ከአጥቢ እንስሳት ወገን ያደርጉታል። ድምፅን ሰምቶ መማር ለጥቂት ፍጥረት የተሰጠ ነው። ጥጃ እምቧ ለማለት አስተማሪ አይሻም፤ ሰው፥ በቀቀን፥ ዓሣ ነባሪና የሌሊት ወፍ ግን ከሰሙት ይማራሉ።

በኢትዮጵያም የሚገኝ፥ የግብጽ የሚባል ፍሬ በል የሌሊት ወፍ አለ። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የዚህን ወገን ልጆች የታላላቆችን ድምፅ እንዳይሰሙ ለይተው ቢያሳድጉ፥ የሕፃንነት ጩኸታቸው ሳይለወጥ እንደ ቈየ፥ ከማኅበሩ በተቀላቀሉ ጊዜ ግን የጐደላቸውን እንደ ሞሉ በ2015 እ.ኤ.አ. ጻፉ። (ሄሮዶቱስ አንድ የግብጽ ንጉሥ ሁለት ሕፃናትን ያለ ንግግር እንዳሳደገ ይተርካል፤ ይህን የሰማ ሁሉ ይዘገንነዋል፤ በእንስሳ ሲደረግ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።)

በ2017 የታተመው ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። ልጆቹን ከእናቶቻቸው ጋራ ሳሉ በሦስት ክፍል አድርገው፥ ለየክፍሉ የተለያየ የብዙዎች ድምፅ በመሣሪያ አሰሙአቸው። ባደጉም ጊዜ ድምፃቸው የእናቶቻቸውን ሳይሆን የዚያን ብዙ ማኅበር መሰለ።

ችሎታው የተፈጥሮ መሆኑ አይካድም። በ2001 በእንግሊዝ አገር ንግግር የሚያስቸግራቸው አንድ ቤተ ሰብ፥ ፎክስ ፒ 2 በሚባለው የዘር ቅንጣት ጉድለት እንዳለባቸው ታወቀ፤ በ2024ም ከዚሁ የሌሊት ወፍ አንጐል ጉሮሮን ወደሚያንቀሳቅሱት ነርቮች በቀጥታ የሚደርስ መስመር እንዳለ ተገለጸ። ነገር ግን መስመሩ ባዶ ነው፤ የሚሞላው በዙሪያ ያለው ነው። በየደብሩ ማታ ያለ መብራት ቃል የሚማር ተማሪም ዜማውን ከመምህሩ ብቻ አይቀበልም፤ አጠገቡ ከሚያዜሙት ታላላቆችም ይወስዳል።

እንግዲህ ሕፃን ሲሳደብ ስቆ የሚያልፍ ነጋዴ ከአሳዳጊዎቹ አንዱ ነው፤ ነቀፋውም ድርሻው ነው። የእናት ዕዳ ግን ፈጽሞ አልተሰረዘም። የሌሊት ወፍ ድምፅን ይማራል እንጂ የቃልን ክፋትና ደግነት አይመዝንም፤ ሕፃን ግን ያን መመዘን የሚጀምረው በቤት ነው፤ ከገበያ ይዞት የገባውንም ስድብ ብዙ ጊዜ አስቀድማ የምትሰማው እርሷ ናት።