ስለ መደምሰስ

የእኅቴ የልጅ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣች ዕለት፣ ካህኑ ማዕተቡን ባንገቷ ሊያስሩ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ያችን ቅጽበት ለማስቀረት ብዬ ያነሣሁት ስልክ ፎቶግራፉን በማንሣት ፈንታ የማከማቻ ቦታ አለመኖሩን የሚናገር አንድ አጭር መስመር አውጥቶ ዝም አለ። በዕድሜዬ የሞላ ጎተራም፣ የሞላ ወንዝም፣ የሞላ አውቶቡስም አይቻለሁ፤ ነገር ግን ሳይከብድ፣ ሳያብጥ፣ ከእጅም ላይ እንደ ትናንቱ ቀልሎ ሳለ ጠገብሁ የሚል ዕቃ ሲገጥመኝ የምለው ጠፋኝና ወደ ኪሴ መለስሁት። ነገሩን ከጎኔ ቆማ ያየችው የሕፃኗ እናት ታናሽ እኅት «ጋሼ፣ ሜሞሪው ሞልቶ ነው፤ ይስጡኝና ላጽዳልዎት» አለችኝ። እኔ ግን በማያውቀው ቤት መጥረጊያ የሚያነሣ ሰው ከጉድፉ ጋራ ቀለበት ጠርጎ ሊያወጣ እንደሚችል አስቤ፣ ማጽዳቱን አብረን እናደርገዋለን ብዬ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠርኋት።

ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው እየተፈላ፣ ስልኩን ስንመረምረው 32 ጊጋባይት ተብሎ ከተገዛው ቦታ ሰፊውን ድርሻ የስልኩ ሥርዓትና መተግበሪያዎቹ ይዘውት፣ የተረፈውን ደግሞ ባብዛኛው ያጣበቡት እኔ ያላነሣኋቸው ሥዕሎች ሆነው ተገኙ። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እንኳን አደረሰዎ የሚሉ ሥዕሎች ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከዕድርና ከጽዋ ማኅበር አባላት በዋትስአፕና በቴሌግራም ሲጎርፉ ኖረው፣ የአንዱን መልአክ አንድ ሥዕል በአንድ ቀን ዐሥራ ሰባት ጊዜ ተቀብዬ ዐሥራ ሰባቱንም አኑሬ ነበር። ልጅቱ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል እጄን ዘረጋሁ፤ የመልአክ ሥዕል እንዴት ይጠፋል? በወረቀት የታተመውን እንኳ ጥራጊ ውስጥ አንጥልም።

በዚህ ነገር እኔ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። በፉስጣጥ፣ ማለት በጥንቱ ካይሮ፣ የሚኖሩ አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ያለበትን ጽሑፍ ማጥፋት ስለማይፈቀድላቸው ያረጀውን ሁሉ በቤን ዕዝራ ምኵራብ ውስጥ ጌኒዛ በሚባል ሥፍራ ሲከትቱት ኖረዋል፤ እያደርም ጥንቃቄያቸው ከቅዱሱ አልፎ የነጋዴውን ደብዳቤ፣ የዕዳውን ወረቀት፣ የጋብቻውን ውል፣ የሕፃኑንም የፊደል መለማመጃ ጭምር አስገብቶ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዓለም ሲያየው ከ300,000 የሚበልጥ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የሚበዛውን እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897 ሰሎሞን ሼክተር ወደ ኬምብሪጅ ያጓዘው ሲሆን፣ የመካከለኛው ዘመን የሜዲትራንያን አገሮች ኑሮ ዛሬ የሚታወቀው በብዙው ከዚያ ክምር ነው። እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው መደምሰስን በቀላሉ አይደፍርም። ነገር ግን እነርሱ የሚከቱበት ሰፊ ሥፍራ ነበራቸው፤ እኔ ያለኝ የመዳፍ ስፋት ነው፤ ደግሞም ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ የሚያልፍ ከሆነ፣ ዐሥራ ስድስቱ ቅጂ ቢጠፋ መልአኩ የሚጎድልበት የለም። አንዱን አስቀርተን የቀረውን አጠፋን።

ልጅቱ የዚህን ሥራ ሕግ እንደ የኔታ ከፋፍላ ነገረችኝ። ቴሌግራም የሚያመጣው ነገር ዋናው በማዕከሉ ስለሚቀመጥ፣ በስልኩ ላይ የተጠራቀመውን ካሽ ቢያጸዱት፣ ላኪው እስካላጠፋው ድረስ መልሶ ይወርዳል፤ በምሥጢር ንግግር የተላለፈው ብቻ ከዚህ ውጭ ነው። በዋትስአፕ የመጣው ግን ማደሪያው ስልኩ ራሱ ነውና፣ ከዚያ ከጠፋ ተመልሶ ላይገኝ ይችላል። ካሽ ማጽዳትና ዳታ ማጽዳት በአንድ ገጽ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቁልፎች ሲሆኑ፣ የፊተኛው ፍርፋሪ የሚጠርግ፣ የኋለኛው ቤቱን ከነዕቃው የሚያቃጥል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ በፎቶግራፍ ላይ ነው፤ በጎግል ፎቶስ ውስጥ ባክአፕ የተደረገውን ከስልኩ ብቻ ማንሣት የሚቻለው ቦታ ማስለቀቂያ በሚባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ በተራው መሰረዣ የሰረዘው ሰው ግን ከስልኩም ከማዕከሉም አጥፍቶታል። ይህም ቢሆን የመጨረሻው አይደለም፤ የተሰረዘው 60 ቀን በመጣያው ይቆያል፤ አይፎንም የሰረዘውን 30 ቀን ያቆያል። ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ እያልን ለሙታን ለምንቆጥር ለእኛ ይህ የቀን ገደብ እንግዳ አይደለም፤ መሐንዲሶቹ በእኛ ተዝካር አስልተውት ባይሆንም።

ከሕጎቹ ሁሉ የቀለለው ትልቁን አስቀድሞ መመርመር ነበረና ፋይሎቹን በመጠናቸው ብትደረድራቸው፣ በራስጌ የወጣው ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ከአንድ ጊጋባይት የሚበልጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥቁር የሆነ ቪዲዮ ነው። «ይኸ እንኳ ምንም የለው፣ ጋሼ፤ ኪስዎ ውስጥ ሳለ ተነክቶ የቀረጸው ነው፤ ይጥፋ?» አለች። ከጆሮዬ አስጠጋሁት። መጀመሪያ ጠጠር ላይ የሚራመድ እግር፣ ቀጥሎ የመቋሚያ ኳኳታ፣ ከዚያም ዐርፈው ሁለት ዓመት ያለፋቸው የንስሐ አባቴ ድምፅ ተሰማ፤ የቤተ ልሔሙ ጣራ ማፍሰሱን፣ የቆርቆሮም ዋጋ ከአምናው እጅግ መናሩን፣ ምስማሩን ግን አንድ በጎ አድራጊ ሰው ሊሰጥ ቃል መግባቱን እየተነፈሱ ይናገራሉ። እየሸኘኋቸው ነበር። ወደ አራተኛው ደቂቃ ላይ የእኔ ድምፅ ገባና ዝቅ አለ፤ ያን ጊዜ የምናገረው ምን እንደ ነበረ ሁለት ቃል ሳይሞላ ዐወቅሁትና አቆምሁት። ልጅቱ ፊቴን አይታ ቡናውን ልታይ ተነሣች።

ቦታ የማስለቀቁ ጉዳይ ከእጄ ወጥቶ ወደ ሃይማኖት ጥያቄ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በእኛ ሥርዓት ተነሳሒ ለንስሐ አባቱ የሚናገረው ለእግዚአብሔር የተነገረ ነው፤ ካህኑም የሰማውን ይዞት ሊቀበር እንጂ ለሌላ ሊያወጣው አልተፈቀደለትም። አባ ይህን ጠብቀው ዐረፉ፤ በኪሴ የተቀመጠው ሦስተኛ ሰሚ ግን ቃሉን እንዳለ ይዞ ይህን ሁሉ ጊዜ አብሮኝ ዞረ፤ ባክአፕ በሚሉት መንገድም አንድ ቅጂ ወደማላውቀው አገር ላከ። ቀኖናዬን ፈጽሜ፣ ተፈትቼ፣ ሥጋውን ደሙን ከተቀበልሁ በኋላ፣ በሰማይ የተደመሰሰው ነገር በምድር ከጊጋባይት በላይ ቦታ ይዞ መገኘቱ መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

ዳዊት በ50ኛው መዝሙር በደሉ እንዲደመሰስለት ይለምናል፤ በኤርምያስም ትንቢት በ31ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሕዝቡን ኃጢአት ከእንግዲህ ወዲህ እንደማያስብ ተስፋ ሰጥቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ ሲነበብ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር፤ ሁሉን የሚያውቅ እንዴት ይረሳል? ከረሳ ዕውቀቱ ጎደለ፤ ካልረሳም ሥርየቱ የአፍ ቃል ብቻ ሆነ። የኔታን ብጠይቃቸው አለማሰብ ማለት አለማወቅ ሳይሆን አለመቁጠር ነው ብለው በአጭሩ አሳለፉኝ፤ እኔም የገባኝ መስዬ አለፍሁ።

አሁን መልሱን ከአንዲት ወጣት የስልክ ትምህርት ተረዳሁት ብል ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም እንዲያ ነው። ፋይል ሲሰረዝ መሣሪያው ወዲያው አይፍቀውም፤ የሚያነሣው፣ ይህ ነገር በዚህ ሥፍራ ይገኛል ብሎ በመዝገቡ የጻፈውን መስመር ነው። ሥፍራው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጻ ተብሎ ይቆጠራል፤ አሮጌው ምልክት ግን መሣሪያው በራሱ ጊዜ እስኪያጸዳው ወይም አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ከታች ሊሰነብት ይችላል። የዛሬ ስልኮች ደግሞ የሚይዙትን ሁሉ በምሥጢር ቁልፍ ሰውረው ስለሚጽፉ፣ ስልኩ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ሲል እንደ አዲስ በሚታደስበት ጊዜ ዋናው የሚጠፋው ያ ቁልፍ ነው፤ ከቁልፉ በኋላ የቀረው ምልክት ለማንም የማይነበብ ትቢያ ነው። ምሳሌ ዘየሐጽጽ እንዲሉ፣ ምሳሌው ከአማናዊው ማነሱን ባልዘነጋም፣ የየኔታን ቃል እነሆ በዚህ አየሁት፤ የሆነው ነገር እንዳልሆነ አይደረግም፤ ወደ እርሱ የሚያመለክተው የዕዳ መስመር ግን ይነሣል፤ ሰውየውም ገና አሮጌው ምልክት በሥጋው ሳለ ነጻ ተብሎ ይቆጠርና ሌላ ነገር ይጻፍበታል። ጠባሳዬን እኔ አውቀዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ መዝገብ ግን የለም።

በሰው ዘንድ ያለው መፋቅ ግን ከዚህ የተለየ ዕጣ አለው። በ10ኛው መቶ ዓመት በቁስጥንጥንያ የተገለበጠ አንድ የአርኪሜድስ መጽሐፍ ነበረ፤ በ1229 እ.ኤ.አ. አንድ ጸሓፊ ቅጠሎቹን ፈታ፣ ቀለሙን ፋቀ፣ ብራናውን ከወገቡ አጥፎና አዙሮ ጸሎት ጻፈበት። ቦታ አስለቀቀ ማለት ነው። የጸሎቱ መጽሐፍ ሲነበብ፣ የሻማ ሰም ሲንጠባጠብበት ኖሮ፣ በ1906 ሃይበርግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ከጸሎቱ ሥር የአርኪሜድስን የሂሳብ ድርሳን ማንበብ ጀመረ፤ መጽሐፉ በ1998 በኒው ዮርክ በ2 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ በኋላም በባልቲሞር ልዩ ልዩ ብርሃን እየፈነጠቁበት ለዓይን የጠፋውን ፊደል አወጡት። ከድርሳናቱ አንዱ በሌላ ብራና ላይ በግሪክ ቋንቋው የማይገኝ ነው።

የሂሳብ ሊቃውንት ያንን ጸሓፊ ይረግሙታል፤ እኔ ግን እኩሌታውን ወደ እርሱ አዘነብላለሁ። ብራና የፍየል ቆዳ ነው፤ አንድ መጽሐፍ አንድ መንጋ ይበላል፤ የሚቀድስበት ያጣ ካህን በማይነበብ መጽሐፍ ፊት ቆሞ ቢወስን ምን ይገርማል? ምናልባትም ጸሎቱ ባይጻፍበት ኖሮ የሚጠብቀው ጠፍቶ ሁሉም ከስሞ ነበር። የማልደግፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚፍቀውን ሳያነብ ፍቆት ከሆነ። በአንድ ንክኪ ስልክዎን እናጸዳለን የሚሉትን መተግበሪያዎች የምጠላውም ስለዚህ ነው፤ ገሚሶቹ የሚያጸዱት የሌላቸው ማስታወቂያ አብዢዎች፣ ከዚያም የከፉት መረጃ ዘራፊዎች ከመሆናቸው ሌላ፣ ስንፍናቸው ካህን ፊት ቀርቦ «አባቴ፣ ሁሉንም በድያለሁ» ብሎ አንዱንም ሳይጠራ የሚሄደውን ሰው ስንፍና ይመስላል። ንስሐ አንድ በአንድ የሚጠራበት ምክንያት እግዚአብሔር ዝርዝሩን አጥቶት አይደለም፤ ያላየሁትን ተውሁት ልል ስለማልችል ነው። ያንን ጥቁር ቪዲዮ ጥቁርነቱን አይተን ብናጠፋው ኖሮ የአባን ድምፅ ሳንሰማ አጥፍተን፣ ቅጂውን ደግሞ ማንም በማይጠብቀው በአንድ ጥግ ትተነው ይሆን ነበር።

ልጅቱ ሲኒዎቹን ይዛ ስትመለስ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ደቂቃ ያለውን ብቻ ቆርጣ እንድታስቀርልኝ ለመንኋት፤ የቀረውን እንዳትሰማ ማዳመጫውን ራሴ ይዤ፣ የሚቆረጥበትን ሥፍራ በጣቴ አሳየኋት። የተቆረጠው ራሱን የቻለ ቅጂ ሆኖ ተቀመጠ፤ ዋናው ግን እንደ ነበረ ነበረና፣ አዲሱን ወደ እርስዋ ስልክ ልከን በዚያ ከፍተን፣ ቆርቆሮውም ምስማሩም መኖሩን በጆሯችን ካረጋገጥን በኋላ ዋናውን ሰረዝነው። ከስልኩ ጠፋ፤ ከማዕከሉም ጠፋ፤ በመጣያው ውስጥ ግን 60 ቀን ሊቆይ ተቀመጠ። ልጅቱ ከዚህ በኋላ ራሱ ይሄዳል፣ አይቸኩሉ አለችኝ። እኔ ግን ለዚህ ነገር ተዝካር ማውጣት አልወደድሁምና መጣያውን እንድትከፍት አደረግሁ። ለዘለቄታው ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ስልኩን ከእጇ ወሰድሁ፤ መነጽሬን አስተካክዬ ጥያቄውን ዳግመኛ አነበብሁት፤ ነካሁት።

የአባ አራት ደቂቃ አሁንም ጥቁር ነው። ልጅቱ ድምፁን ለብቻው አውጥተን ጨለማውን ብንተወው በጥቂት ሜጋባይት ይቀመጣል ብትለኝም፣ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ጨለማ እንኳ ለጊዜው ተዪው አልኋት። ያ ቀን 11 ነበረና፣ በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ክንፉን የዘረጋ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ከአንድ የዕድር ባልንጀራዬ መጣ፤ ቁርሴን ሳልጨርስ ስምንት ሆነ።