ንዳዱ በስንት ሰዓት ለቀቀው?

«ልጄ፣ ጌታ ፈውሶኛል ብዬ በጉባኤ ከመሰከርኩ በኋላ ደሜን ለምርመራ ብሰጥ እንደ መካድ አይቆጠርብኝም?» ብለው አንዲት እናት ጠየቁኝ። ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጣቸው አድሯል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸልየውላቸዋል፤ ሊነጋጋ ሲል አልቧቸው ቀለል ብሏቸዋል። እኔ የምኖረው ዱቦ ነው፤ የምሠራው በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ጣት ወግቼ ደም የምወስድ ሰው ነኝ እንጂ ሰባኪ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ወላይታ ውስጥ ይህን ጥያቄ በር ላይ ትቶ የሚገባ ታካሚ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መልስ ሊኖረኝ ይገባል።

ታማሚ ስለ ሕመሙ የሚናገረውን አላቃልልም። ትኩሳት የያዘው ሰው ሰውነቱ 39 ዲግሪ ደርሶ እያለ በረደኝ፣ ጋቢ ደርቡልኝ ይላል። አይዋሽም። አንጎሉ የሰውነቱን የሙቀት ልክ ከፍ ስላደረገው ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ብርድ ሆኖ ይሰማዋል፤ ጡንቻውም ሙቀት ለማምረት ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ «በረደኝ» ማለቱ እውነት ነው፤ «ብርድ ነው የመታኝ» የሚለው መደምደሚያ ግን ከዚያ አይወጣም። ሕመሙን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ የሕመሙን ምክንያት ግን ባለቤቱም ቢሆን ከውስጡ ሊያነበው አይችልም። ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ የጠጣውም፣ ጉንፋን ነው ብሎ በባሕር ዛፍ ቅጠል የታጠነውም ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ስሙን ያገኘው ከስሜቱ ነው።

ወባና ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ድንገት ይይዛሉ፤ ራስ ይፈልጣሉ፤ መገጣጠሚያ ይቆረጥማሉ፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። ሳልና የጉሮሮ ሕመም ካለ ወደ ኢንፍሉዌንዛ ያዘነብላል እንላለን፤ ነገር ግን ወባ የያዘው ሕፃንም ያስላል። ከሁሉ የሚያሳስተው ላቡ ነው። ወባ አንቀጥቅጦ፣ አቃጥሎ፣ አልቦ ይለቃል፤ ሰውየውም ዳንኩ ብሎ ወደ እርሻው ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ይመለስበታል። የእኚያ እናት የሌሊት እፎይታ ከጸሎቱ ይሁን ከወባው ጠባይ በዚያች ሰዓት ማንም ሊለይ አይችልም ነበር። እኔም አልችልም ነበር። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ አስቀድመን ስለ ወባ የምንጠረጥረውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል።

ጠብታዋን ደም በስላይድ ላይ አድርጌ፣ በላንሴቱ ጀርባ ዘርግቼ አደርቃታለሁ፤ በጊምሳ አቀልማለሁ፤ ዘይት ጠብ አድርጌ በትልቁ ሌንስ አያለሁ። ወይን ጠጅ በመሰሉት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ሰማያዊ ጭረት ከቀይ ነጥብ ጋር ከታየኝ የወባው ጥገኛ አለ ማለት ነው። የለም ለማለት ግን ቢያንስ መቶ ቦታ መፈለግ አለብኝ። አለ ለማለት አንዱ ይበቃል፤ የለም ማለት ድካም ይጠይቃል። ኢንፍሉዌንዛን የሚለይ ምርመራ እንደኛ ባለ ጤና ጣቢያ የለም፤ ወደ እርሱ የምንደርሰው ወባ አይደለም፣ ተስቦ አይደለም፣ ግርሻ አይደለም እያልን ነው። የወባ መመርመሪያ ኪቱም ቢሆን ይሳሳታል፤ ኪቱ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማይሠሩ የወባ ጥገኞች በኢትዮጵያም ተገኝተዋል። ስለዚህ በመሣሪያ እንድናመልክ አልፈልግም። ምርመራው የለም ብሎ ትኩሳቱ ካልበረደ፣ ተመልሰው ይምጡ የምለው ከልቤ ነው።

ታዲያ መመርመር መካድ ነው? እኔ የማነበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ሌላ ነው የሚነግረኝ። የቅፍርናሆሙ ሹም ልጁ ሊሞት ደርሶ ወደ ቃና መጣ፤ ልጅህ በሕይወት አለ ተባለ፤ አምኖ ሄደ። በመንገድ ላይ አገልጋዮቹ ልጁ መትረፉን ሲያበሥሩት ሹሙ ደስታውን ይዞ ዝም አላለም፤ የተሻለው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ። ንዳዱ ትናንት በሰባት ሰዓት እንደለቀቀው ነገሩት፤ ሰዓቱን አስተያይቶ እርሱም ቤተ ሰዎቹም አመኑ። ቀድሞ አምኗል፤ ጠይቋል፤ ደግሞ አምኗል። ጥያቄው በሁለቱ እምነቶች መካከል ነው ያለው፤ ወንጌላዊውም ስለ መጠየቁ አልነቀፈውም። ጳውሎስ ባለ መድኃኒቱ ያለው ሉቃስ እንኳ የስምዖንን አማት ሕመም ሲጽፍ ንዳዱ ብርቱ እንደነበረ ለይቶ አስቀምጧል። እኛ ካቶሊኮችና ኦርቶዶክሶች የምናነበው መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ሐኪምን አክብር ይላል፤ ሐኪሞችም ወደ እግዚአብሔር እንደሚጸልዩ ይናገራል። እኔ ስላይዱን ከማየቴ በፊት እጸልያለሁ።

ይህን ሁሉ ለእኚያ እናት አልዘረዘርኩም። የሹሙን ነገር ብቻ ነገርኳቸው፤ ጣታቸውን ሰጡኝ። ወባ ነበር። መድኃኒታቸውን ይዘው ሲወጡ «ጸሎቱ ወደ አንተ አመጣኝ ማለት ነው» አሉኝ። እንዲህ ብለው ማሰባቸውን የምከራከርበት ምክንያት የለኝም።

ስለ እምነት ካነሳን ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ባልንጀራ ነው። የትኩሳቴ ምክንያት ለጎረቤቴ ያለብኝን ግዴታ ይለውጠዋል። ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ ትንፋሼና ሳሌ ለሌላው አደጋ ነው፤ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ቤት ለቤት እየዞሩ መሳሳም ይቅርብኝ ማለት አለብኝ። ወባ ከሆነ ሰላምታዬ ማንንም አይጎዳም፤ ማታ ግን አጎበር ውስጥ መግባት፣ መድኃኒቱንም ሳላቋርጥ መጨረስ አለብኝ፤ ትንኟ ከእኔ የወሰደችውን ለጎረቤቴ ልጅ ታደርሳለችና። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ላይ ሲበረታ የኅዳር በሽታ ተባለ፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ዛሬም ኅዳር 12 ሰው ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ጭሱ ቫይረሱን አያጠፋውም። ሆኖም በአንድ ጠዋት ሁሉም በየደጁ እሳት ማንደዱ በሽታን የሰፈር ሁሉ ጉዳይ አድርጎ የያዘ ሕዝብ ሥራ ነው፤ ይህን እወደዋለሁ፣ አከብረዋለሁም።

የእኔንም ሆነ የሌሎችን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የምለምነው ይህን ነው። በዝናቡ ማግስት ባሉት ወራት ከማስታወቂያው ጋር አብራችሁ ንገሩልን፦ የሚያስለው ሰው አፉን ሸፍኖ በሩቁ ሰላም ይበል፤ ትኩሳት ያለው በዚያው ቀን ደሙን ያሳይ፤ እጅ ተጭኖ የተጸለየለትም ከጸሎቱ ቀጥታ ወደ እኛ ይምጣ፤ ከቻላችሁ ራሳችሁ ይዛችሁት ኑ።