የማድቤቱ ጭስ የማን ነው?

«ጭስና ብልህ ሰው መውጫ አያጡም» ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ስለ ብልሃት እንጂ ስለ ጭስ አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉን እንዳለ ወስደን ብንመረምረው አንድ የተዘነጋ ነገር እናገኝበታለን፤ ይኸውም ጭሱ መውጫውን እስኪያገኝ ድረስ የት ይቆያል፣ በቤቱ ውስጥ ካሉትስ መካከል በማን ደረት በኩል አልፎ ይወጣል የሚለው ነው።

በአገራችን ከአሥር ቤተ ሰብ ዘጠኙና ከዚያም በላይ የሚሆነው ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበት፣ በጭራሮና በከሰል ነው። ከሚነድደው እንጨት የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ለዓይን የማይታይ ከመሆኑ የተነሣ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ አዋቂዎችን ለዘለቄታዊ የሳንባ ሕመምና ለልብ በሽታ ያጋልጣል። አየር እንደ ልብ በማይገባበት ቤት ውስጥ የብናኙ መጠን ሊታገሡት ከሚገባው መቶ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ይኸው ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ አየር መበከል ምክንያት ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። እናት ምጣዱ ዳር ስትቀመጥ ልጁ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ እንደሚውል የምናውቅ ሰዎች ስለዚህ ቁጥር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ከሰልማ ይባስ ተንኮለኛ ነው። ፍም ከሆነ በኋላ ጭሱ ስለሚጠፋ ሰው ተማምኖ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ይተኛል። ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ከፍሙ መውጣቱን አያቋርጥም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውንም ክፍል ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። እንቅልፍ የመሰለው ሞት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። በዚህ ሁሉ ጉዳት ውስጥ አንድም ሰው ሌላውን ሊጎዳ አላሰበም። ታዲያ ክፉ አሳብ በሌለበት በደል አለ ማለት ይቻላልን? ብርዱን ፈርታ የጎጆዋን ቀዳዳ ሁሉ የምትደፍን መበለት፣ ጭሱ የጣራዋን ሣር ከነቀዝ እንደሚጠብቅላት ከእናቷ የተማረች ገበሬ በደለኛ ናት የሚል ሰው እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ምርጫ ያልተሰጠው ሰው ስለ ምርጫው አይጠየቅም።

ሆኖም ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አለማወቅን በሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንደኛው ሰው ቢጥርም ሊያስወግደው የማይችለው፣ ሁለተኛው ግን ማወቅ ሲገባውና ሲችል በቸልታ የተወው ነው። ሁለተኛው ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። ከተማ ውስጥ የምንኖር፣ ደመወዝ ያለን፣ ጋዜጣ የምናነብ ሰዎች ከየትኛው ወገን ነን? ሳሎናችን ሰፊ መስኮት አለው፤ መጋረጃውንም በየጊዜው እንለውጣለን። በግቢው ጓሮ ያለው ማድቤት ግን ብዙ ጊዜ በር እንጂ መስኮት የለውም። በዚያ ውስጥ የምትውለው ደግሞ ከገጠር የመጣች፣ ስለ ቤቱ አሠራር አሳቧን የሚጠይቃት የሌለ የሰው ልጅ ናት።

ይህን ስጽፍ በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ባለቤቴ ለለቅሶ አገር ቤት በሄደችበት ሳምንት ሠራተኛችን ታመመችና አጥሚት ላሞቅላት ማድቤት ገባሁ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ ዓይኔን እያሸሁና እየሳልሁ ወጣሁ። ልጅቱ ከተኛችበት ሆና «ጋሼ፣ ይተዉት፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ሳሏን ሁለት ክረምት ሙሉ ስንሰማው «ብርድ መቷት ነው» እያልን እናልፈው ነበር። በዚያች ሩብ ሰዓት የተረዳሁት ለማወቅ የጎደለኝ ትምህርት እንዳልነበረ ነው፤ ወደ ማድቤቱ መግባት ብቻ ነበር። እንጀራውን በየቀኑ እበላ ነበር፤ የተጋገረበትን ቤት ግን አላየሁትም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ላውዳቶ ሲ በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ሰውን ከሚያሳምሙ ብክለቶች መካከል ለማብሰያና ለማሞቂያ ከሚነድደው ነገር የሚወጣውን ጭስ ጠቅሰውታል። ስለ ውቅያኖስና ስለ ታላላቅ ደኖች በሚናገር መልእክት ውስጥ ማድቤት መታወሱ፣ መጀመሪያ ሳነበው እንግዳ ነገር መስሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

መፍትሔው ለሁሉም እኩል ቅርብ አይደለም። ኤሌክትሪክ ያልደረሰባት የገጠር እናት ምጣዷን ልትለውጥ አትችልም፤ የእርሷ ጉዳይ ከአንድ ቤተ ሰብ አቅም በላይ ነው። ለእኛ ግን ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጭሱንም ይቀንሳል። ምድጃውን ለማስገባት፣ ግድግዳውን ለመብሳትና መስኮቱን ለመግጠም የፈጀብን አንድ ቅዳሜ ነው። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ልጅቱ በዚያ ማድቤት አምስት ዓመት ጋግራልናለች።