የውሰት አህያ

አያቴ ጭሰኛ ነበር። እዚሁ ጮሌ ከተማ አጠገብ ካረሰው ገብስ ለባለመሬቱ ሲሶውን ይሰፍራል፤ ከዚያ በላይ ጉልበቱንም ይገብራል። መሬት ላራሹ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ እሱ የሚያውቀው ጌታ የሚወስድ ጌታ ነው። የወሰደውን የመለሰ አላየም። ስለዚህ ክርስቶስ ንጉሥ መሆኑ ሲነገረው ልቡን የነካው የዙፋኑ ነገር አልነበረም፤ የአህያው ነበር።

ፊደል አልቆጠረም፤ የሆሣዕናን ወንጌል ግን በጆሮው ይዞታል። ማርቆስ ምዕራፍ 11 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ውርንጫ ፈትተው እንዲያመጡ ሲልክ፣ ጠያቂ ከመጣ ለጌታ እንደሚያስፈልገውና ወዲያው መልሶ እንደሚሰደው እንዲናገሩ ያዛቸዋል። "ይመልሰዋል እኮ!" ይለኝ ነበር አያቴ እጁን እያወናጨፈ። የሰማይና የምድር ንጉሥ የድሃ ሰው ከብት ተውሶ፣ እመልሳለሁ ብሎ ቃል ይገባል።

ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም ለመንግሥቱ ፍጻሜ እንደሌለው እንመሰክራለን። ይህን የዘመን ነገር ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። አሁን ግን ወሰንም የለውም ማለት ይመስለኛል፤ በመቅደሱ ደጅ ላይ አይቆምም፣ ጭነት እስከምንጭንበት በረት ድረስ ይገባል።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። በአንድ የሆሣዕና ዋዜማ ገብስ ገበያ ለማውረድ የጎረቤቴን አህያ ተዋስኩ። ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እላቸዋለሁ። ሁለት ጊዜ ላለመመላለስ ብዬ የሁለት አህያ ጭነት በአንዷ ላይ አሰርኩ። አመሻሽ ላይ ጀርባዋ ተልጦ ነበር። በረታቸው አስገብቻት፣ ምንም ሳልናገር ሄድኩ።

በማግስቱ ዘንባባ ግንባሬ ላይ አስሬ፣ የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ያ ወንጌል ሲነበብ ግን እግሬ ከዳኝ። ለተዋሰው ውርንጫ ቃል የገባውን ንጉሥ በአደባባይ እያመሰገንኩ፣ እኔ የተዋስኳትን አቁስዬ መልሻለሁ። ጉዳቱን ሸፋፍኖ መመለስ እንደ መውሰድ ነው። አያቴ ሲሶ ሰፍሮለት ከኖረው ሰው በምን ተሻልኩ?

ከቅዳሴ በቀጥታ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስጀምርላቸው አላስጨረሱኝም።

"ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ ልጄ። አንተ እስክትመጣ ነው የጠበቅኩት። በል፣ ሣር አምጣላት።"

ሰሙነ ሕማማቱን ሙሉ፣ ከስግደት መልስ ሣር አጭጄ ወሰድኩላት። ሌላ ካሳ ብጠይቃቸው እምቢ አሉኝ። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብለው እግሬን አጠቡኝ። ማታ ለብ ያለ ውኃ ጨው ጨምሬበት ይዤ ወደ በረቱ ሄድኩ፤ ቁስሏን ሳጥብላት ሐጂ አንገቷን ያዙልኝ።